ጉልበት በሆድ በኩል ሲፈስ

ወረታ ውስጥ ከአንድ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ቆሞ ጥቂት ሰዓት ያዳመጠ ሰው አንድ ጥያቄ ከአፍ አፍ ሲመላለስ ይሰማል፤ «ጉልበት የሚሰጥ ነገር የለህም ወይ?» ጠያቂው አንዳንዴ ጋቢ የደረበ ገበሬ ነው፣ አንዳንዴ ሕፃን ያዘለች እናት፣ አንዳንዴ ከአዲስ ዘመን ወይም ከሐሙሲት በሚኒባስ የመጣ ነጋዴ። ከመደርደሪያው የሚወርደውም የታወቀ ነው። የቫይታሚን ሽሮፕ፣ ቢ ኮምፕሌክስ መርፌ፣ ገንዘብ ላለው ደግሞ ክሊኒክ ገብቶ ግሉኮስ ማሰቀል። ግሉኮሱ ስኳር ያለበት ውሃ ነው። የተሰቀለለት ሰው ለአንድ ቀን «ዓይኔ በራ» ይላል፤ ሳይሰነብት ግን ተመልሶ ይመጣል።

ለምን እንደሚመለስ ለመረዳት ከከተማው ወጥቶ ወደ ሜዳው መውረድ ይሻላል።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚገነጠለው መንገድ የሚነሳውም ከእሷው አካባቢ ነው። ከአስፓልቱ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች ደለል ያነጠፉት ነው። ድሮ አገር የሚያውቀው በከብቱ ነበር፤ የፎገራ ላም ወተቷ ተረት እስኪሆን ድረስ ትወደሳለች። በደርግ ዘመን ግን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ በተባሉ ቦታዎች ሩዝ ሞከሩ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ እየተኛበት ለጤፍ አልሆን ያለው ዋልካ መሬት ለሩዝ ተስማማ። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ በገበሬው ዘንድ ሥር ሰደደ፤ ዛሬ የሩዝ ብሔራዊ የምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫውን ያደረገው እዚሁ ወረታ ነው። ሩዝ ለፎገራ ገንዘብ አምጥቷል፤ በዚህ የሚከራከር የለም። የሩዝ ሥራ ግን ሰውን ወራቱን ሙሉ ከእርጥብ አፈርና ከውሃ ጋር ያቆራኛል።

ነሐሴ ላይ ማሳ ውስጥ ውሃው ቁርጭምጭሚት አልፎ ወደ ባት ይጠጋል። አረሙ በእጅ ነው የሚነቀለው። ቤተሰቡ ጎንበስ ብሎ በረድፍ ይሄዳል፤ የተነቀለው አረም ወደ ድንበሩ እየተወረወረ ይቆለላል። ዋልካው ጫማ ይውጣል። ቦት የገዛ ሰው እንኳ ከማሳው ዳር አውልቆ ነው የሚገባው፤ ኮንጎ ጫማ ያደረገችው ልጅም ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ትሻገራለች። ቀን ላይ ድንበሩ ላይ ባለች ደረቅ ብጤ ቦታ ተቀምጦ እህል ይቀመሳል። ሰውነትን ለማቅለል የሚኬደውም ከዚያው ብዙ አይርቅም፤ ከማሳ እስከ ቤት መጸዳጃ ድረስ በጭቃ ደርሶ መመለስ የግማሽ ቀን ሥራ ይበላልና። ማታ እግር ታጥቦ ሲታይ ጣቶች መሃል ቀይ ሽፍታ ይገኛል፣ ያሳክካል። «ጭቃው ነው» ይባላል፣ ቅቤ ይቀባል፣ በማግስቱ ይረሳል።

ያ ማሳከክ ብዙ ጊዜ የታሪኩ መጀመሪያ ነው።

በአንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ከያዙት መካከል አርባ ዓመት ያለፋቸው አንድ ገበሬ ነበሩ። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ወጣቱ ጤና መኮንን፣ «ምን ሆኑ አያ?» አላቸው።

«ምን ብዬ ልንገርህ ዶክተር፣ በሽታም አይሉት። ጉልበቴ ከዳኝ። ትንሽ ዳገት ስወጣ ልቤ ይመታል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ጠዋት ደክሞኝ ነው እምነሳ።»

«ሆድዎትስ?»

«ሆድ መቼም የማይለው የለ። ከእምብርቴ በላይ አልፎ አልፎ ቁርጥ ያደርገኛል፣ ይነፋኛል። ጨጓራ ነው ይሉኛል።»

«ማን ነው የሚልዎ?»

«ሁሉም።»

ጤና መኮንኑ የታችኛውን የዓይናቸውን ቆብ በአውራ ጣቱ ገልበጥ አድርጎ አየ። ቀይ መሆን የነበረበት ሥጋ ገርጥቶ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው። መዳፋቸውን አስዘርግቶ ከራሱ መዳፍ ጎን አስቀመጠው፤ ልዩነቱን እሳቸውም አዩት። ከዚያ ሁለት ነገር ጻፈላቸው፤ የሰገራ ምርመራና የሄሞግሎቢን ልኬት። እሳቸው ግን የጠበቁት መርፌ ነበር፤ ወረቀቱን ሲቀበሉ ፊታቸው ላይ ቅር መሰኘት ይነበብ ነበር።

ላቦራቶሪው ጠባብ ክፍል ነው። ባለሙያዋ ከኩባያው በእንጨት ጫፍ ጥቂት ሰገራ ወስዳ መስታወት ላይ ካንጠባጠበችው የጨው ውሃ ጋር አቀላቀለች፣ በስስ መሸፈኛ ከደነች፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባች። እዚህ ላይ የሚያጣድፍ ነገር አለ። ደም የሚመጥጠው የመንጠቆ ትል (ሁክዎርም) እንቁላል ስስ ነው። ካቶ ካትዝ በሚባለው ወፈር ያለ ናሙና ከተሠራ በግማሽ ሰዓትና በአንድ ሰዓት መካከል መታየት አለበት፤ ከቆየ እንቁላሉ ጥርት ብሎ ከዓይን ይሰወራል። ጠዋት የተሰጠ ሰገራ ከሰዓት በኋላ ታይቶ «ምንም የለም» ቢባል፣ አለመገኘቱ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ደግሞም ትሎቹ በየቀኑ እኩል አይጥሉም፤ የአንድ ቀን ናሙና ቀላል የሆነውን ሕመም በብዛት ይስታል።

ባለሙያዋ ጥቂት ፈልጋ ገታ አለችና ዓይኔን እንዳስጠጋ ፈቀደችልኝ። ሞላላ፣ እንደ ብርጭቆ የጠራ ቅርፊት፤ በውስጡ ከአራት እስከ ስምንት የሚሆኑ ክብ ሴሎች ተሰብስበዋል፣ በሴሎቹና በቅርፊቱ መካከል ባዶ ቦታ አለ። ለዓይን የሚያምር ነገር ነው። «ሁክዎርም» አለች፣ መዝገቧ ላይ እየጻፈች። የገበሬው ሄሞግሎቢን ለጤነኛ ወንድ ዝቅተኛ ከሚባለው 13 ግራም በዴሲ ሊትር በእጅጉ አንሶ ተገኘ።

የመንጠቆ ትል ታሪክ የሚጀምረው ከሰገራ ጋር ሜዳ ላይ ከወደቀ እንቁላል ነው። ሞቃት፣ እርጥብና ጥላ ያለው አፈር ካገኘ በአንድ ሁለት ቀን ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እጭ በሳምንት ውስጥ ሰው ለመያዝ ይደርሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። እጩ የተኛ ውሃ ውስጥ ብዙ አይኖርም። አደገኛው ስፍራ የማሳው መሃል ሳይሆን ዳሩ ነው፤ ሰው የሚያርፍበት፣ የሚበላበት፣ ወደ ጎን ዞር የሚልበት እርጥብ ድንበር። እጩ ባዶ እግር ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል፤ የጣት መሃል ማሳከኩ ያኔ ነው። በደም ተሳፍሮ ሳንባ ይደርሳል፣ ከሳንባ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ከምራቅ ጋር ይዋጣል፣ በመጨረሻ ትንሹ አንጀት ላይ ያርፋል። ከቆዳ እስከ አንጀት ያለው ጉዞና እድገት ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ይወስዳል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ የገባው ትል ደም መምጠጡን የሚያጧጡፈው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፣ ልክ አጨዳ ሲቃረብ።

አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የምትረዝም ትል ናት። የአንጀትን ግድግዳ ነክሳ ደም ትመጥጣለች፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽም ትተፋበታለች፤ ስለዚህ ቦታ ቀይራ ስትሄድ የተወችው ቁስል መድማቱን አያቆምም። ሰውን የሚይዙት ዋነኞቹ ዝርያዎች ሁለት ናቸው። ኔካቶር የሚባለው አንዱ ትል በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያስወጣል፤ አንኪሎስቶማ ደግሞ እስከ 0.2 ሚሊ ሊትርና ከዚያም በላይ። ትንሽ ይመስላል። አሁን ሂሳቡን እናስላ። ሆዱ ውስጥ 40 አንኪሎስቶማ ያለበት ሰው በቀን 8 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያጣል። በአንድ ሚሊ ሊትር ጤነኛ ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለ፤ ስለዚህ በቀን 4 ሚሊ ግራም ብረት ወደ አንጀት ይፈሳል። ከፊሉ ተመልሶ ቢመጠጥም ሰውነታችን ከምግብ በቀን የሚያስገባው ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ገቢው ሁለት፣ ወጪው ከዚያ የሚበልጥ ቤት መጨረሻው ይታወቃል።

ብረት ሲጎድል ቀይ የደም ሴሎች ኦክስጅን መሸከም ያቅታቸዋል፤ ልብ ያንን ለማካካስ ትፈጥናለች። ዳገት ላይ የሚሰማው ልብ ምት ይኸው ነው። ከዚህም በላይ ብረት በጡንቻ ውስጥና ኃይል በሚመረትባቸው የሴል ክፍሎች ውስጥ ስለሚሠራ፣ ሄሞግሎቢን ገና ሳይወርድ ድካሙ ሊቀድም ይችላል። ሰውዬው «ደም አለህ» ተብሎም ሊዝል ይችላል ማለት ነው።

ይህን ድካም ሌላው ዓለም ያወቀው በብዙ ዋጋ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ የሴንት ጎታርድ የባቡር ዋሻ ሲቆፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1880 አካባቢ ሠራተኞቹ እየገረጡ እየዛሉ ይወድቁ ነበር። ሐኪሞች በሰገራቸው ውስጥ የመንጠቆ ትል አገኙ፤ ዋሻው ሞቃትና እርጥብ ነበር፣ መጸዳጃም አልነበረውም። ትሉ በቆዳ እንደሚገባ የታወቀው ደግሞ በአጋጣሚ ነው። አርተር ሎስ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ካይሮ ላይ በሙከራ ሥራው መካከል እጭ ያለበት ፈሳሽ እጁ ላይ ፈሰሰበት፤ ቆዳው አሳከከው፣ ቆይቶም በሰገራው ውስጥ የትሉን እንቁላል አገኘ።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ከሕክምና አልፎ የስም ማጥፋት ጉዳይ ሆነ። በደቡብ ክፍለ አገራት የነበሩ ድሃ ገበሬዎች በስንፍና ይታሙ ነበር። ቻርልስ ስታይልስ የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1902 ችግሩ የመንጠቆ ትል መሆኑን ሲያስታውቅ ጋዜጣ «የስንፍና ጀርም ተገኘ?» ብሎ ዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1909 ባለጸጋው ሮክፌለር አንድ ሚሊዮን ዶላር መደቡና በዚያው በደቡቡ ፀረ ትል ዘመቻ ተጀመረ። የሚያሳዝነው፣ ስሙ መጀመሪያ ስንፍና ከዚያ በኋላ ትል መሆኑ ነው። እኛም ዘንድ ሥራ አልገፋ ያለው ጎልማሳ፣ ትምህርት ላይ የሚያንቀላፋ ልጅ፣ ቡና አፍልታ የምትዝል ሴት መጀመሪያ የሚሰጣቸው ስም ያው ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ የጎማ ተክል ሠራተኞች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ሥራ አለ፤ ደም ያነሳቸው ሠራተኞች የሚሰበስቡት ጎማ ከጤነኞቹ ያነሰ ነበር። ሁለት ወር ያህል የብረት ኪኒን ከተሰጣቸው በኋላ ግን ምርታቸው ከጤነኞቹ ጋር ተስተካከለ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ጠባያቸውም አልተለወጠም።

የሜዳው ሌላ እንግዳ ቢልሃርዚያ ነው። ይኸኛው ከመንጠቆ ትል በተቃራኒ የሚመጣው ከውሃው ራሱ ነው። በቦዩና በወንዙ ዳር ያሉ ቀንድ አውጣዎች የሚለቁት እጭ ውሃ ውስጥ የቆመን እግር በደቂቃዎች ውስጥ ይበሳል። ትሎቹ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራሉ፤ እንቁላሎቻቸው ጎናቸው ላይ እሾህ ያላቸው ስለሆኑ የአንጀትን ግድግዳ ይወጋሉ። ከፊሉ በሰገራ ይወጣል፣ የቀረው ጉበት ላይ ይቀራል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ድካም፤ ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ የጉበት ጠባሳ፣ የጣፊያ እብጠትና ደም ማስመለስ። የጣና ዙሪያ ወረዳዎች የዚህ በሽታ ነባር ቤቶች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ስም ሳይነሳ ማለፍ ነውር ይሆናል። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አየ። ከዚያች ትዝብት የተነሳው ምርምር ቀንድ አውጣን በአገር ተክል መግደል እንደሚቻል አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘለት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ ስሙን ይዟል። ደጃችን ላይ የሚበቅለው እንዶድ ግን የዕለት መፍትሔ ሆኖ ወደ ቦዩ አልወረደም።

«እኛ የሆድ ትል አናውቅም እንዴ?» የሚል ጎንደሬ አይጠፋም፤ እውነቱንም ነው። ኮሶ የዚህ አገር መድኃኒት ነው። የአፄ ቴዎድሮስን ስም ሊያጎድፉ የፈለጉ ጠላቶች «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው እንደነበር ይነገራል፤ ደብረ ታቦር ደግሞ ከወረታ በሚገነጠለው መንገድ ላይ ያለች የእሳቸው ከተማ ናት። ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬ፤ ሁሉም ለጥሬ ሥጋ ትል ለዘመናት ሲጠጡ ኖረዋል። ችግሩ የኮሶ ትል ተቆራርጣ ስትወጣ ሰው በዓይኑ ያያታል፤ የመንጠቆ ትልና የቢልሃርዚያ እንቁላል ግን ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። ስለዚህ የሚታየው ይታከማል፣ የማይታየው ደም ይመጥጣል። ደግሞ የኮሶ ትል ደም በማሳነስ የታወቀች አይደለችም። «ኮሶ ጠጥቻለሁ፣ ሆዴ ንጹሕ ነው» ያለ ገበሬ ራሱን እያታለለ ነው፤ መጠኑ ያለፈ ኮሶም ዓይንን ጭምር ይጎዳል።

የዘመኑ ኮሶ ቨርሞክስ (ሜበንዳዞል) ነው። ብዙ ሰው ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በየጊዜው ይወስዳል። ወስፋት ላይ ይሠራል። ለመንጠቆ ትል ግን አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ ሜበንዳዞል ደካማ ነው፤ አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም በጣም ይሻላል። ለቢልሃርዚያ ደግሞ ሁለቱም አይሆኑም፤ እሱ የሚድነው በኪሎ ተመዝኖ በሚሰጥ ፕራዚኳንቴል ነው። የትኛው ትል እንዳለ ሳይታይ የተዋጠ ኪኒን ገንዘብ ማውጣት ብቻ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጨጓራ እንምጣ፤ ሁሉም ሰው አለብኝ ወደሚለው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ የጨጓራ ቁስለትን የሚያመጣ ባክቴሪያ አገኙ። ማንም አላመናቸውምና ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፣ ታመመ፣ አስመሰከረ፤ በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ይህ ባክቴሪያ በአገራችን ግማሽ ያህሉ ሰው ሆድ ውስጥ አለ። አብዛኛው ሰው አይታመምበትም። በታመመ ሰው ላይ ግን ደም ሊያፈስስ ይችላል፤ የጨጓራ አሲድንም ሲያደክም ከእህል የሚገኘው ብረት በቅጡ አይመጠጥም። ሕክምናው በሁለት አንቲባዮቲክና በአንድ አሲድ ቀናሽ ለሁለት ሳምንት የሚወሰድ ነው። ሦስት ቀን ወስዶ «ተሻለኝ» ብሎ ማቆም ባክቴሪያውን መድኃኒት ማስለመድ ነው።

የፎገራ ጨጓራ ላይ ግን ከባክቴሪያው ይልቅ የሚያስፈራኝ ዲክሎ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ያረመ ሰው ወገቡን ይቆርጠዋል፤ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል፣ ይወስዳል፣ ሥራ ይገባል። ባዶ ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወሰድ የሕመም ማስታገሻ የጨጓራን ሽፋን ይልጣል፣ ያደማል። ደሙ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚፈስ አይታወቅም፤ ድካሙ ግን ይብሳል፤ ድካሙ ሲብስ ወገብ ይብሳል፤ ወገብ ሲብስ ሌላ ኪኒን ይገዛል። ይህን ክር ሊቆርጥ የሚችለው የመድኃኒት ቤቱ ሻጭ ነው፤ ለሻጩ ደግሞ ዲክሎ በቀላሉ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮና ተጣብቆ ከወጣ ግን ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

የሰሃኑ ነገር ረዘም ያለ ጨዋታ ይፈልጋል። ጤፍ ብረት ያለው እህል ነው፤ አውድማ ላይ በበሬ ተረግጦ ከአፈር ጋር ስለሚደባለቅ የሚለካው ብረት ይጋነናል እንጂ፣ ሊጡ ሲቦካ ብረትን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ የተሻለ ነው። በፎገራ ዛሬ እንጀራው ከጤፍና ከሩዝ ዱቄት ተቀላቅሎ ይጋገራል፤ ሩዙ በበዛ ቁጥር እንጀራው ይነጣል፣ ይረክሳል፣ ብረቱም ይቀንሳል፤ የተፈተገ ሩዝ በብረት ድሃ ነውና። የግጦሽ መሬቱ ወደ ሩዝ ማሳ ሲዞር ከብቱም ተመናመነ፤ ሥጋ ከድሮው ይልቅ የበዓል ነገር ሆነ። ጾሙንም እንጨምር። አጥባቂ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ስትገባ አረሙ በጠናበት፣ ትሉ በሚገባበት ወቅት ትጀምራለች። ጾምን ተው የሚል ሰው እዚህ አገር አይሰማም፣ እኔም አልልም። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ጎመኑ ጥሩ ምግብ ነው። የእነዚህ ብረት ግን ከሥጋው ይልቅ በቀላሉ አይመጠጥም፤ ሎሚ ወይም ቲማቲም ሲጨመርበት ይሻላል፣ ቡናና ሻይ ሲከተለው ይብስበታል። ገበታ ሳይነሳ ቡና የማፍላት ልማዳችን አንድ ሰዓት ቢዘገይ ማንንም አያስቀይምም።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የት እንደሚያደርስ አገራዊው ቁጥር ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 24 በመቶ፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶ ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ሁሉም ከሆድ የመጣ አይደለም። የወር አበባና ወሊድ አለ፣ ወባ አለ። ከፎገራ አጠገብ ሊቦ ከምከም ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ካላዛር ተነስቶ ነበር፤ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ መክሳትና መዛል። ሳንባ ነቀርሳም፣ ስኳርም፣ የልብ ሐዘንም ያደክማሉ። በአንድ የዊዳል ምርመራ «ታይፎይድ» ተብሎ በየወሩ አንቲባዮቲክ የሚወስደው ሰው ብዛት ግን ሊያስጨንቀን ይገባል፤ ያ ምርመራ ብቻውን የሚታመን አይደለም።

መንግሥት ምንም አላደረገም አይባልም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መጸዳጃ አስቆፍረዋል። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የተማሪዎች የትል መድኃኒት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ደርሷል። ግን ፎገራ ላይ ሁለቱም እንከን አላቸው። ክረምት ላይ ውሃው እስከ መሬቱ ገጽ ስለሚደርስ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ ይሞላል፣ ዋልካው ሲያብጥና ሲሰነጠቅ ግድግዳው ይደረመሳል፤ ይዘቱም ተመልሶ ሜዳ ላይ ይንሳፈፋል። ለዚህ ሜዳ የሚሆነው ከመሬት ከፍ ተደርጎ የሚሠራ መጸዳጃ ነው፤ ይህ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። የትሉ ኪኒን ደግሞ በአብዛኛው የሚሰጠው ትምህርት ቤት ነው። ወስፋት በልጆች ላይ ይበረታልና ለእሱ ትክክል ነው። መንጠቆ ትል ግን እንደ ሌሎቹ ትሎች ዕድሜ ሲጨምር አይቀንስም፤ አዋቂ ላይ ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ከልጆች ሌላ በወሊድ ዕድሜ ያሉ ሴቶችና በሥራቸው ለትል የሚጋለጡ አዋቂዎችም እንዲካተቱ ይመክራል። ማሳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትቆመው እናት ከዝርዝሩ ውጪ ሆና ልጇ ብቻ ሲታከም፣ እናቲቱ በዓመቱ መሬቱን መልሳ ትበክለዋለች፤ ልጁም እንደገና ይያዛል። በእኔ አስተያየት የፎገራ ዘመቻ የትምህርት ቤት አጥር አልፎ ማሳ ዳር መድረስ አለበት፤ ጊዜውም አረም ከተጠናቀቀ በኋላ አጨዳ ሳይጀመር ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ሳምንት እንቅልፍና ምግብ ያልመለሰው ድካም ካለብህ ግሉኮስ አታሰቅል። ጤና ጣቢያ ሂድና ሄሞግሎቢንህ እንዲለካ፣ ሰገራህም እንዲታይ ጠይቅ፤ ሰገራውን እዚያው ስጥ፣ አንድ ቀን «የለም» ቢባል በሌላ ቀን ድገመው። የምትወስደውን የሕመም ማስታገሻ ሁሉ ለሐኪሙ ንገረው። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከተጣበቀ፣ ደም ካስመለስህ፣ ያለ ምክንያት ከከሳህ ወይም ምግብ መዋጥ ከከበደህ ወደ ሆስፒታል እንዲልኩህ አትጠብቅ፣ ራስህ ሂድ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት የትል መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አትወስድም። ትሉ ከታከመ በኋላ የብረት ኪኒን ከተሰጠህ ሰገራህ ይጠቁራል፣ ሆድህንም ሊያቅለሸልሸው ይችላል፤ በሐኪም ካልታዘዘ በስተቀር አታቋርጠው። ደሙ ከሞላ በኋላም ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል።